ለማሲንቆህ ያስቀረሁት ጠርዝ

ፍራንክፈርት፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ዓመታት አልፈዋል፤ ከሁለታችን ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ ዛሬ ተቀምጦ ማጣራት ለማናችንም ስለማይበጅ አልፈዋለሁ። ብዕር ያነሣሁት የጀመርሁትን አንድ ሥራ ላካፍልህ ነው፤ ሥራው ያላንተ የማይሞላ በመሆኑ ሐሳቡን ከሥር ከመሠረቱ ላስረዳህ እሞክራለሁና ደብዳቤው ቢረዝም ታገሠኝ።

እዚህ አገር ቪዲዮ ዴክ ከዕቃ መቆጠር ከተወ ቆይቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ከመጥበሻና ከተሰነጠቀ የጠረጴዛ መብራት ጋር ተደባልቆ ይሸጣል፤ እስከ መጨረሻው ሲያመርት የቆየው ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያም በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ሥራውን አቁሟል። እኔ ከዚያ ገበያ ፊቱ ላይ «ሃይ-ፋይ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን፣ የግራና የቀኝ ድምፅ መጠን በመብራት የሚያሳየውን ከባድ ዴክ ገዝቼ ወደ ቤት ወሰድሁና ክራሬን በእርሱ መቅዳት ጀመርሁ። እንደምትስቅብኝ ይታወቀኛል። ነገር ግን ቪዲዮ ዴክን ለፊልም ሳይሆን ለሙዚቃ ብለው የሚገዙ ሰዎች ከእኔ በፊት ብዙ ነበሩ፤ ምክንያታቸውም ተራ ቁጠባ ብቻ አልነበረም።

የሠርግ ቪዲዮ ስትሠራ ስለ ኖርህ የነገሩን ግማሽ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። የቪዲዮ ካሴት ክር ስፋቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። የጃፓኑ ኩባንያ ጄቪሲ ቪኤችኤስ የተባለውን የቪዲዮ ካሴት ዓይነት በ1976 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲያወጣ ምስሉ ሰፊውን የክሩን መካከል ሲይዝ፣ ለድምፁ የተሰጠው ጠርዙ ላይ ያለች አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ነበረች፤ እርሷንም የሚቀዳት ባለበት የቆመ፣ የማይንቀሳቀስ ሄድ፣ ማለትም ክሩ ላይ የሚጽፈውና የሚያነበው ጫፍ ነው። ፓል በተባለው፣ አውሮፓም እኛም በተጠቀምንበት የቴሌቪዥን ሥርዓት ክሩ በሰከንድ 2.34 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ፣ በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ከሚጓዘው ከተራው የሙዚቃ ካሴት እንኳ ፍጥነቱ ግማሽ አይሞላም። ክር በዘገየ መጠን ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። አንተ «ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው የሚዘፍኑ ይመስላሉ» እያልህ ማይክሮፎንህን ትወቅስበት የነበረው የሠርግ ድምፅ የታፈነው በዚህ ምክንያት ነበር።

ይህን ድክመት ለማረም ሶኒ በ1983 እ.ኤ.አ. የቪኤችኤስ ተቀናቃኝ በነበረው በቤታማክስ ካሴት፣ ጄቪሲ ደግሞ በ1984 እ.ኤ.አ. በቪኤችኤስ ሃይ-ፋይ የተባለውን ዘዴ አመጡ፤ ለእኔ ይህ ዴክ እንደ ዕንቁ የሚቆጠረውም ስለዚህ ነው። ካሴቱ ሲገባ ክሩ ተስቦ የሚጠመጠምበት፣ ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ 62 ሚሊ ሜትር የሆነ የሚያብረቀርቅ ከበሮ እንዳለ ክዳኑን ከፍተህ ስንት ጊዜ አይተኸዋል። ይህ ከበሮ በፓል ዴክ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይዞራል፤ ክሩ እየተንፏቀቀ ቢሄድም ከበሮው ላይ የተተከሉት ሄዶች ክሩን የሚፍቁት በሰከንድ ወደ 4.85 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ነው። በሃይ-ፋይ ዴክ የምስሉ ሄዶች በተተከሉበት በዚያው ከበሮ ላይ ሁለት የድምፅ ሄዶች ተጨመሩ። ቀድመው የሚያልፉት የድምፁ ሄዶች ግራውን በ1.4፣ ቀኙን በ1.8 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ላይ ጭነው ወደ ክሩ ጥልቀት ያሰርጉታል፤ ተከትለው የሚመጡት የምስሉ ሄዶች ደግሞ ገበሬ በጥልቀት ያረሰውን መሬት መልሶ ላዩን ብቻ እንደሚያለሰልስ ሁሉ ምስሉን ከላይ ይጽፉበታል። አንዱ የሌላውን እንዳያነብ የምስሉ ሄዶች በ6 ዲግሪ፣ የድምፁ ሄዶች በ30 ዲግሪ ጋደል ተደርገው ተተክለዋል። ይህን ያሰበው መሐንዲስ በእኔ ግምት ከካሴት ዘመን ሰዎች ሁሉ የላቀ አእምሮ ነበረው።

ውጤቱን በጆሮ ካልሰሙት ማመን ያስቸግራል። የአስናቀች ወርቁን ክራር የምንሰማበት ያ ካሴት ከስንተኛ ቅጂ የተቀዳ እንደ ነበር እግዜር ይወቀው፤ ጣቶቿ አውታሩን ሲነኩ የሚሰማው ቀጭን ጭረት ከክሩ እሽታ ጋር ተዋሕዶ፣ እኛ የምንሰማው የድምፁን አካል እንጂ ጥፍሩን አልነበረም። በሃይ-ፋይ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ያለው ድምፅ ሁሉ ይቀዳል፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀትም ከ80 ዴሲቤል በላይ ሲሆን፣ ተራ ካሴት ዶልቢ የተባለው እሽታ መቀነሻ ከሌለው ከ50 ጥቂት ቢያልፍ ነው። ከሁሉም ይልቅ የገረመኝ ግን የድምፁ አለመዋለል ነው። የቴፓችን ባትሪ ሲደክም ዘፋኙ ሁሉ ጎርናና ሆኖ የሚወርድበትን ጊዜ አስታውስ፤ እዚህ ከበሮው በኳርትዝ ስለሚገዛ፣ ረጅም የትዝታ ድምፅ ስትጎትት መጨረሻው ከመነሻው ፀጉር ታህል አይዛነፍም። በዚያ ላይ ኢ-180 የሚባለው ካሴት በመደበኛው ፍጥነት 3 ሰዓት ይቀዳል። ዘፈን መሐል ካሴት መገልበጥ የለም።

እንከን የለበትም ግን አልልህም። ከበሮው በዞረ ቁጥር ቀረጻው ከአንዱ ሄድ ወደ ሌላው በሰከንድ 50 ጊዜ ይተላለፋል፤ መጋጠሚያው ጥቂት ከተዛነፈ ከሥር ዝንብ የምታህል እዝዝታ ይሰማል። ዘፈን ሙሉ ባንድ ሲሆን ማንም አያስተውላትም፤ ክራር ብቻውን ሆኖ በሁለት ሐረጎች መካከል ዝም ስትል ግን ቁልጭ ብላ ትመጣለች። ሁለተኛው እንከን የሚመጣው ዴኩ ውስጥ ካለው፣ ድምፁን አጥብቦ ከሚቀዳና ሲያሰማ መልሶ ከሚያሰፋ መሣሪያ ነው፤ ወፍራሙን አውታር በኃይል ስትመታ ከኋላው ያለው ትንሽ ጫጫታ አብሮ ከፍ ብሎ፣ ድምፁ ሲሞት አብሮት ይተነፍሳል። ለሁለቱም መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ መብራቶቹ ቀዩ ጫፍ አጠገብ እስኪደርሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ መቅዳት። የክራር ድምፅ ሲመታ ስለሚዘል ጥቂት ቦታ መተው ያስፈልጋል እንጂ፣ ተፈርቶ ዝቅ ተብሎ የተቀዳ ክራር እዝዝታውን ይዞ ይቀራል።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ጥቂት ልውጣ፤ ይህን የምታነብበት ቤት ውስጥ ሲዲ ካለ ነገሩ ይመለከትሃልና። ሶኒ በ1977 እ.ኤ.አ. ፒሲኤም-1 የተባለ ሣጥን አውጥቶ ነበር፤ ድምፁን ወደ ቁጥር ለውጦ፣ ቁጥሩን ደግሞ የጥቁርና የነጭ ነጠብጣብ ምስል አስመስሎ ለቪዲዮ ዴክ ይሰጠዋል። ዴክ የሚቀዳው ፊልም ይመስለዋል፤ ካሴቱን በቴሌቪዥን ብታየው የሚርመሰመስ ነጠብጣብ ብቻ ነው። በኋላም የሲዲ ማተሚያ ቤቶች ዋናውን ቅጂ የሚቀበሉት ዩ-ማቲክ በተባለው ትልቅ የቪዲዮ ካሴት ላይ ስለ ነበር፣ ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ የሚለካው በዚሁ ቪዲዮ ምክንያት ሆነ፤ በፓል በአንድ የምስል መስመር 3 ቁጥር፣ በአንድ ጊዜ 294 መስመር፣ በሰከንድ 50 ጊዜ አባዛና ታገኘዋለህ። በአሜሪካው ኤንቲኤስሲም 3 በ245 በ60 ስታባዛ ያንኑ ይሰጥሃል። ከዚያም በ1991 እ.ኤ.አ. አሌሲስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤዳት የሚባለውን መሣሪያ ይፋ አደረገ፤ ኤስ-ቪኤችኤስ በተባለ የተሻሻለ የቪኤችኤስ ካሴት ላይ 8 ድምፅ ለየብቻው ይቀዳል፤ 16 መሣሪያ ብታያይዝ 128 ይሆናል። ባለ 120 ደቂቃው ካሴት በእርሱ ላይ 40 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው የሚሠራው። ስቱዲዮ መከራየት ያቃታቸው ስንት ሙዚቀኞች አልበማቸውን በመኝታ ቤታቸው የሠሩት በዚያ ነበር። እኔ ግን ኤዳት አልፈልግም፤ የምፈልገው 3 ድምፅ ነው፤ እርሱም ዴኬ ላይ አለ።

ሦስቱ የትኞቹ ናቸው ካልኸኝ፣ ሁለቱ የሃይ-ፋይ ግራና ቀኝ ሲሆኑ ሦስተኛው ያ የተናቀው የጠርዙ መስመር ነው። ሃይ-ፋይ ከመጣ በኋላም አሮጌው መስመር አልተነሣም፤ ሃይ-ፋይ የሌላቸው ዴኮች እንዲሰሙት ሲባል እዚያው ቀርቷል። ሃይ-ፋዩ ከምስሉ ጋር አንድ ላይ የተቀበረ ስለሆነ አንዱን ትቶ አንዱን መቀየር አይቻልም፤ የጠርዙ ግን ብቻውን ነውና ሌላው ሳይነካ ተሰርዞ እንደገና ሊቀዳ ይችላል። «ኦዲዮ ደብ» የምትለዋ ቁልፍ የምትሠራው ይህንኑ ነው። ለአንተ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሙሽሮቹ ከቤት ሲወጡ በመኪና ጡሩምባ የተበላሸውን ድምፅ እያጠፋህ የሠርግ ዘፈን ታስገባበት የነበረው በዚህችው ቁልፍ ነው። ያ ካሴቱን ሃይ-ፋይ ዴክ ላይ አስገብቶ «ዘፈኑ የት ሄደ? እኔ የምሰማው ጡሩምባ ብቻ ነው» እያለ በርህን ያንኳኳው ደንበኛህ ትዝ ይልሃል? ዘፈኑ የትም አልሄደም ነበር፤ በጠርዙ ላይ ነበረ፤ ጡሩምባው ደግሞ በጥልቀቱ። ያን ቀን ያናደደን ነገር ዛሬ ለእኔ መላ ሆኖልኛል።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። ክራሬንና ድምፄን በሃይ-ፋዩ ቀድቻለሁ፤ ጠርዙን ላንተ ማሲንቆ ትቼዋለሁ። ካሴቱ አዲስ አበባ ሲደርስህ እኔን እየሰማህ ኦዲዮ ደብን ተጭነህ ትመታለህ፤ ከዚያም ዴክህ «ሚክስ» የሚል ምርጫ ካለው ሁለታችን በአንድ ክር ላይ አብረን እንሰማለን። የጠርዙ መስመር በመደበኛው ፍጥነት ከ10 ሺህ ኸርዝ ብዙ ባያልፍም ማሲንቆ የሚኖረው ከዚያ በታች ነውና አይጎዳውም፤ እንዲያውም የጭራው ሻካራነት ጥቂት ቢለዝብ ከክራሩ ጋር ይስማማል ብዬ አስባለሁ። በዝግታው ፍጥነት ግን እንዳትሞክረው። እዚያ ላይ ማሲንቆህ ማሲንቆ መሆኑ ይቀራል።

የቀዳሁበትን መንገድ ልንገርህ። ዴክ የማይክሮፎንን ደካማ ድምፅ ስለማይቀበል መሐል ላይ ትንሽ ሚክሰር አስገብቻለሁ፤ ማይክሮፎኑ ቆዳ ከተወጠረበት ገበቴ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ይቆማል፤ ሌላው ወደ አፌ ነው። የአውሮፓ ዴክ የሚገናኘው ስካርት በሚባለው ሰፊ ሶኬት ስለሆነ ቀይና ነጭ ጃክ የሚቀበል ማገናኛ ያስፈልገዋል፤ ማገናኛው ላይ ያለችው ቁንጫ የምታህል ማብሪያ ወደ «መግቢያ» ካልዞረች ምንም አይቀዳም። አንዳንድ ዴክ ደግሞ ምስል ካልተሰጠው ከበሮውን የሚያስተካክልበት ምልክት ስለሚያጣ ይቅበዘበዛል፤ እኔም ለይስሙላ ምስል ከምሰጠው ብዬ ካሜራዬን ወደ ክራሩ አዞርሁት። ይህ በጣም ጠቅሞናል። የቀኝ እጄን፣ የግራ እጄን ጣቶችና ከታች የእግሬን ጫፍ ታያለህ፤ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት እግሬ አራት ጊዜ መሬቱን ይመታል፤ መግቢያህ ሲደርስ ደግሞ የግራ እጄ አውራ ጣት ብድግ ትላለች። በቀበሌ ኪነት ጊዜ መሪያችን በቅንድቡ ያደርግልን የነበረውን ዛሬ በአውራ ጣቴ አደርግልሃለሁ።

ልጆችህ «በስልክ ተቀዳድታችሁ ለምን አትላላኩም?» እንደሚሉህ አውቃለሁ፤ እውነት አላቸው። የዛሬ ኮምፒዩተር ከዚህ ዴክ የጠራ ድምፅ ይቀዳል፤ እዝዝታም የለውም። እኔም በኮምፒዩተር ቀድቼ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አንዲት ሐረግ ባልወደድሁ ቁጥር ቆርጬ ሌላ ስለጥፍ፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው በአንድ ትንፋሽ የተመታ አንድም ትዝታ ሳይኖረኝ ቀረ። እዚህ ግን መቁረጥ አይቻልም፤ ወይ ዘፈኑን ሙሉውን ትመታዋለህ፣ ወይ ካሴቱን አጠንጥነህ እንደገና ትጀምራለህ። የምልክልህ ካሴት ላይ አምባሰሉ መሐል ስሳል ትሰማለህ፤ ሆን ብዬ ተውኋት፤ አመታቱ ከሌሎቹ ሁሉ ይሻል ነበርና ለሳል ብዬ አላጠፋሁትም።

ስትቀዳ ጥቂት ነገር ተጠንቀቅልኝ። ክራሬ በድምፅ ማጉያ ወጥቶ ማይክሮፎንህ ውስጥ እንዳይገባ በጆሮ ማዳመጫ ስማኝ። የጠርዙ ድምፅ መጠን በብዙ ዴኮች ላይ በራሱ የሚስተካከል ነው፤ ዝም ባልህ ቁጥር ዴክ «ድምፅ ጠፋ» ብሎ እሽታውን ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ ስለዚህ መግቢያህ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብለህ ደጋኑን በስሱ እያስነካህ ቆይ እንጂ ድንገት አትነሣበት። ኦዲዮ ደብን ትተህ የመቅጃውን ቀይ ቁልፍ ከተጫንህ የእኔም የአንተም ይጠፋል፤ ለማንኛውም አንድ ቅጂ እዚህ አስቀርቻለሁና አትጨነቅ። እንደገና እንዳይቀዳበት የምትሰበረውን የካሴቱን ጥርስ ደግሞ እስክትጨርስ ድረስ አትስበራት፤ ጥርሱ ከወደቀ ኦዲዮ ደብም አይሠራም።

አሁን ከአንተ የምፈልገው መልስ ነው። ታላቅ እህትህ ከጅዳ ያመጣችልህ ዴክ ዛሬም አለ? ከባሕረ ሰላጤው የሚመጡት ዴኮች ፓልንም ኤንቲኤስሲንም የሚቀበሉ ስለ ነበሩ የእኔን ካሴት ያነባል ብዬ አምናለሁ፤ ኢትዮጵያም ጀርመንም ይጠቀሙ የነበሩት ፓልን ስለሆነ በዚህ በኩል ስጋት የለኝም። በዚያ ጊዜ ዋሽንግተን ላሉ ዘመዶች ሠርግ ተልኮ ቴሌቪዥናቸው አልቀበል ብሎ፣ ለማስቀየር የከፈሉት ገንዘብ ከሠርጉ ስጦታ በልጦ እንዳሳቀን አልረሳሁም። ዴኩ ካለ ክዳኑን ክፈተውና ሄዱን አጽዳው፤ በጥጥ ሳይሆን ክር በማያስቀር ቆዳ፣ ንጹሕ አልኮል ነክረህ፣ ቆዳውን ከበሮው ላይ በስሱ አስጠግተህ ያዝና ከበሮውን በእጅህ አዙረው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ከፈተግኸው ሄዱ ይሰበራል። ከዚያ የማይጠቅምህን ካሴት አስገብተህ ኦዲዮ ደብ መሥራት አለመሥራቷን ሞክር። እዝዝታ ከበዛብህ «ትራኪንግ» የሚለውን በጥቂት በጥቂቱ አዙር፤ የእኔን ካሴትም ስትሰማ ይህ ማስፈለጉ አይቀርም፤ አንዱ ዴክ የቀዳውን ሌላው በትክክል እስኪያገኘው ጊዜ ይወስዳልና።

ካሴቱ ላይ ሦስት ዘፈን አለ፤ ሁለቱ በትዝታ፣ አንዱ በአምባሰል ቅኝት ነው። ከእያንዳንዱ በፊት መነሻ ድምፁን በክራሩ ብቻ ረዘም አድርጌ መትቼዋለሁ፤ ያንተ አንድ አውታር ብቻ ስለሆነ እርሱን ወደ እኔ ማምጣት አይቸግርህም። ሁለተኛው ትዝታ ላይ ከዘፈኑ በኋላ ክራሩ ብቻውን የሚመላለስበት ረዘም ያለ ቦታ ትቻለሁ፤ እዚያ የምትመታውን አንተ ራስህ ታውቀዋለህ። ግጥሙን አብሬ በወረቀት እልክልሃለሁ፤ ያልወደድኸው ስንኝ ካለ ንገረኝ፣ አንተ ማሲንቆህን ሳታገባበት እንደገና ልቀዳው እችላለሁ። የዴኩን ጉዳይ አጣርተህ እንደጻፍህልኝ፣ ለፋሲካ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የሰፈሬ ልጅ ስላለ በእርሱ እጅ እልከዋለሁ፤ በፖስታ መላኩን አልደፈርሁም።

ባለቤትህን፣ ልጆችህንና እማማን ስለ እኔ ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወዳጅህ